የእማማ ዘውድነሽ ቀትር

ኃይሉ ባወጣው የክረምት ፕሮግራም ውስጥ ለሁሉም ነገር ቦታ ነበረው፤ ለንባብ፣ ለሂሳብ፣ ለዋና፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ «እንደ ልብ ለመጫወት» እንኳ ሳይቀር። ለሞቱት አማቱ ብቻ ቦታ አልያዘላቸውም። እማማ ዘውድነሽ ግን በሕይወት ሳሉም ቢሆን ቦታ አልተያዘልኝም ብለው ቆመው የሚቀሩ ሴት አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላንታ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በግንቦት ማብቂያ ነው። የመኪና በር እጀታ እጅ እየጠበሰ፣ ሐበሻው «ክረምት ገባ» ይላል። ያን ጊዜ ፈረንጁ ልጁን ካምፕ ይልካል፤ ሐበሻ አያት ያስመጣል። የኃይሉና የሚስቱ የርብቃ ቤትም ሦስት ክረምት እንደዚሁ ኖሯል። የርብቃ እናት እማማ ዘውድነሽ በቪዚተር ቪዛ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ በአትላንታ ዳርቻ ሊልበርን ያለውን ቤት ከነልጆቹ ይረከባሉ፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሩሐማንና ታናሿን ሚካኤላን አወፍረውና አማርኛቸውን አቃንተው ያስረክባሉ።

እሳቸው ፕሮግራም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ደንብ ግን ነበራቸው። ፊት ከመታጠብ በፊት አልጋ ይነጠፋል። ቴሌቪዥን ቁጭ ተብሎ እንጂ ተጋድሞ አይታይም። ከደንቡ ሁሉ የጠበቀው የቀትሩ ነው። ምሳ እንደተበላ መጋረጃ ይዘጋል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሦስቱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይጋደማሉ፤ እማማ መሀል፣ ሩሐማ በቀኝ፣ ሚካኤላ በግራ። ማንም አይናገርም። ማንም ደጅ አይወጣም። በመጀመሪያው ክረምት ርብቃ የቀትር ጋኔን ፈርታችሁ ነው አይደል ብላ ስትስቅ፣ እናቷ ጌታን ከተቀበልኩ ጋኔን የት ያውቀኛል፣ እኔ የምፈራው ፀሐይዋን ነው አሏት። ፀሐይ የሚፈራ ሰው ኤርኮንዲሽን በሚነፍስበት ቤት ውስጥ ለምን ድምፁን አጥፍቶ እንደሚጋደም ግን አላብራሩም።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሦስቱም ተነሥተው ቁጭ ይሉና ይጸልያሉ። ጸሎቱ የስም ጥሪ ነው። አባትን ጠብቅ፤ እናትን ጠብቅ፤ አክስት ፅጌረዳን ጠብቅ፤ እያለ የጎረቤቱን አንካሳ ውሻ ሳይቀር ያዳርሳል። የመጨረሻዋን ስም እማማ ራሳቸው አይሉም። ልጆቹ በአንድ አፍ «እማማን ጠብቅ» ይላሉ፤ አሜን፤ መጋረጃ ይከፈታል። ርብቃም ልጅ ሆና ያደገችው በዚሁ ጸሎት ነው፤ ያኔ የመጨረሻዋን የምትለው እሷ ነበረች።

ዘንድሮ ቲኬታቸው ተቆርጦ፣ ሻንጣቸው ታስሮ፣ እማማ ዘውድነሽ እንደተኙ ቀሩ።

መርዶው ሊልበርን የደረሰው በመኪና ስፒከር ነው። ትምህርት በተዘጋበት ቀን ኃይሉ ልጆቹን ሊወስድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች መሀል ቆሞ ነበር። ልጆቹ ገብተው ቀበቷቸውን ሲያስሩ የርብቃ እህት ፅጌረዳ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ ብሉቱዙም እንደ ልማዱ ሳይታዘዝ አነሣው። ሰላምታ የለም፣ ሀሎ የለም። የፅጌረዳ ልቅሶ ከፊትም ከኋላም፣ ከአራቱም በሮች በአንድ ጊዜ ወጣ፤ «እማዬ፣ እማዬ» የሚለው ቃል ከእግራቸው ሥር ሁሉ የመጣ መሰለ። በጎን ያለችው ፈረንጅ መስኮቷን ዘጋች። ኃይሉ ሊያጠፋው ብሎ የነካው ቁልፍ ድምፁን የሚጨምረው ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚካኤላ መኪና ውስጥ ሙዚቃ እንዲከፈት አትፈቅድም። አክስቴ እዚያ ውስጥ ሆና አሁንም እያለቀሰች ነው ትላለች።

ርብቃ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ረዳት ነርስ ናት። የነርስነት ፈቃድ ፈተናዋን አንዴ ወድቃለች፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ለሰኔ አጋማሽ ተይዟል። ኃይሉ መኪናውን ጥግ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ብሉቱዙን አጥፍቶ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለጋሽ አለማየሁ ደወለ። በአትላንታ ዙሪያ መርዶ በመንገር ጋሽ አለማየሁን የሚስተካከል የለም። ከስቶን ማውንቴን እስከ ሊልበርን ጎህ ሲቀድ አንኳኩተው ያላረዱት ቤት ጥቂት ነው፤ ከዚህ የተነሣ ሰውየው ለሰላምታ እንኳ በማለዳ ከመኪናቸው ሲወርዱ ያያቸው ሰው «ማን ሞተ?» ይላል። ርብቃ አሁን ከሰማች ፈተናውን ትተዋለች አሉት። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣችበት ሁሉ ውሃ ይበላዋል፤ እናትየውም ቢሆኑ ይህን አይወዱም። ከፈተናው ማግስት በማለዳ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። «የእኛን አፍ እኛ እንጠብቃለን፤ የልጆቹን አፍ መጠበቅ ያንተ ፈንታ ነው፣ ኃይሉ።»

ኃይሉ በማኔጅመንት ዲግሪ አለው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ከከሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት መንገደኛ የሚያመላልሱ ሻትሎች ያሰማራል። ሞትንም እንደ ሻትል ትንሽ አቆይቶ መላክ ይቻላል ብሎ ያመነው ሥራው ለምዶበት ይሆናል። ያን ሰሞን ቁጭ ብሎ ፕሮግራም አወጣ። ከላይ ሲያዩት የአሜሪካ የወላጅ መጽሔት የሚቀናበት ነው። ከሥር ሲያዩት ግን ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ሥራ ፈትተው የሚቀመጡባት ቅንጣት ጊዜ እንዳትኖር። ርብቃ ከሥራ ስትገባ ልጆቹ በዝምታ ያነባሉ። እራት ላይ እያንዳንዷ ያነበበችውን ትተርካለች። ከእራት በኋላ ማሚ ታጠናለችና ወሬ ክልክል ነው። ርብቃ ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ባሌ እንዲህ የሚያስብልኝ አልመሰለኝም ነበር አለችው። ኃይሉ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሚካኤላ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷን ማሳመን አልከበደውም። ከባዷ አሥራ ሁለት ዓመቷን የያዘችው ሩሐማ ናት። ማሚ ስለ እማማ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት ብላ ጋራዥ ውስጥ ያዘችው።

«ደህና ናት በያት።»

«ግን እኮ ውሸት ነው፣ ዳዲ።»

«እንዴት ውሸት ይሆናል? ጌታ ጋ አይደል ያለችው? እዚያ ደህና ያልሆነ ሰው አለ?»

ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ኃይሉ በዚህ መልሱ መጀመሪያ ኮራ፤ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ምነው ባልተናገርኩ አለ። ከዚያ በኋላ ሩሐማ ለእናቷ ምንም አልዋሸችም፤ ወሬ ማብዛት ግን ተወች።

ከአዲስ አበባ በኩል ያለውን ፅጌረዳ ያዘችው። ርብቃ በደወለች ቁጥር እማዬ በመጀመሪያ ጉሮሮዋን ታማ ድምፅ የላትም ተባለ። ቀጥሎ ስልኳ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ሐዋሳ ለጸሎት ጉባኤ ሄደች። ድምፅ የሌላት ሰው ጸሎት ጉባኤ ምን ትሠራለች ብላ ርብቃ ስትጠይቅ፣ ፅጌረዳ ለመስማት ነዋ አለች። ከሐዋሳ ሲመለሱ ጥርሳቸውን አስነቀሉ። ቲኬቱ ደግሞ በቪዛ ጣጣ ተራዘመ ተባለ። ርብቃ እያጠናች ቫይበሯን ከመጽሐፉ ጎን ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ኃይሉን ጠርታ አሳየችው። «እያት፤ ኦንላይን ነች። ታየኛለች፣ አትመልስልኝም። ምን አድርጌያት ነው?» ከእናቷ ፎቶ ጎን አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ፅጌረዳ የሟቿን ፎቶዎች ልታይ ስልኩን ከፍታው እንደሚሆን ኃይሉ ያውቃል። ቢያውቅም ነጥቧ እስክትጠፋ ድረስ ከወንበሩ መነሣት አልቻለም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሴቶቹ ርብቃን አቅፈው ቶሎ አይለቋትም። እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት፣ ለፈተናሽ እየጸለይን ነው ብለው ተንሰቀሰቁ። ርብቃ ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚያለቅስልኝ እንደገና እንደምወድቅ ስላወቀ ነው አይደል አለች። ኃይሉ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። 

እንግዲህ ቀትሩ ላይ ደረስን። በኃይሉ ፕሮግራም ቀትር የዋና ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ የጋራ ገንዳ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን የዋና ልብሳቸውን እንዲለብሱ ነግሯቸው ሻወር ገባ። ሲወጣ ሳሎኑ ጨልሟል። መጋረጃው ተዘግቷል። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ መነጽሩን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል፤ ሩሐማ በቀኝ፣ ሚካኤላ በግራ። መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍት ቦታ አለ። ትራስ አለበት። ትራሱ መሀሉ ጎድጉዷል።

ተነሡ ሊል አፉን ከፈተ። ሚካኤላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ሽሽ፣ ዳዲ። እማማ ተኝታለች።»

የአሜሪካ ቤት ዝም ብሎ አያውቅም፤ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ኤርኮንዲሽኑ ይተነፍሳል። ያን ሰዓት ሁለቱም ተስማምተው የቆሙ መሰለው። ኃይሉ ፎጣ እንዳገለደመ ቆሞ ለራሱ ተናገረ፤ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጌታን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ትራሱን ያጎደጎደችው ልጄ ናት። ከዚያም መጋረጃውን ሊከፍት ተራመደ። ወደ መስኮቱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በክፍቱ ቦታ ላይ ያልፋል። ዲግሪ ያለው፣ ጌታን የሚያውቀው ኃይሉ፣ በምግብ ጠረጴዛው በኩል ዞሮ ሄደ። መስኮቱ ጋ ደርሶም መጋረጃውን አልከፈተውም። ውጭ ፀሐይዋ ነጭ ሆና፣ መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኃይሉ ተሸነፈ፤ በፕሮግራሙ ላይ ዋናን ሰርዞ «ጸጥታ» ብሎ ጻፈ። አማቱ ከሞቱ በኋላ ያሳረሙት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጆቹ እንደ ድሮው ቁጭ ብለው ይጸልያሉ፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ለሥራ ስለሚለባብስ ከፎቅ ሆኖ ጉርምርምታቸውን እንጂ ቃሉን አይሰማም።

በዚያው ሰሞን ምስጢሩ ያልደረሰው የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ኃይሉን ፈገግ ብሎ ያዘው። ሩሐማ ጥልቅ ጥያቄ ጠየቀችኝ አለ፤ ለሞተ ሰው ይጸለያል ወይ አለችኝ።  ምን አልካት አለው ኃይሉ። አስተማሪውም እኛ ጋ ለሞተ አይጸለይም፣ የሞተ ሩጫውን ጨርሷል፣ ጠባቂም አያሻውም አልኳት አለ። ማን ሞቶብሽ ነው ብሎ ግን አልጠየቃትም።  ልጄ ምስጢሩን አላወጣችም አለ ኃይሉ በልቡ። ልጅቷ ትምህርቱን ይዛ እንደሄደች አላሰበም።

ፈተናው ነገ ሊሆን ርብቃ ቁርስ ላይ ሕልሟን ተናገረች። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ ግቢ ስላት አትናገርም አለች። ኃይሉ የፈተና ጭንቀት ነው አላት። እስከ ቀትር ሠርታ፣ ለቀሪው ቀን ኦፍ ወስዳ ትመጣለች። አንድ ቀን ብቻ ቀረ፤ ኃይሉ ሻትሉ ወደ ማቆሚያው ሲጠጋ ታየው።

ስትገባ መጋረጃው ተዘግቷል። ኃይሉ ደረጃው ላይ ነበር፤ የሥራ ሸሚዙን ይዞ ቆመ። ርብቃ ልጆቹን አየች፤ በመሀላቸው ያለውን ቦታ አየች። ደስ አላት፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ ፊቷ ሲፈታ ይታያል። ጫማዋን አወለቀችና ክፍቱ ቦታ ላይ ተጋደመች።

ሚካኤላ ተንጠራርታ ጆሮዋ ሥር ተናገረች። «ማሚ፣ ያ የእማማ ቦታ ነው።»

«አውቃለሁ። እስክትመጣ ልያዝላት።»

ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች። ኃይሉ አንድ ደረጃ ወረደና ቆመ። ምን ብሎ ያስነሣታል? ርብቃ ጭንቅላቷን በጎደጎደው ትራስ ላይ አሳርፋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰዓቱ ሲያልቅ ልጆቹ ቀስቅሰዋት ቁጭ አሉ። ሩሐማ ጀመረች። አባትን ጠብቅ። እናትን ጠብቅ፤ ነገ በፈተናዋ እርዳት። አክስት ፅጌረዳን ጠብቅ። ስሞቹ በየተራቸው አለፉ፤ ውሻውም አለፈ። ርብቃ የመጨረሻዋን ስም አብራ ልትል፣ እንደ ልጅነቷ፣ ከንፈሯን አዘጋጀች።

«አሜን» አለች ሩሐማ።

ኃይሉ ያን ጊዜ ገባው። ስልኩን ጠብቋል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጠብቋል፣ የልጆቹን አፍ ጠብቋል። ሳይባል የቀረውን ቃል ግን የሚጠብቅ ፕሮግራም አልነበረውም።

«አንድ ሰው ረሳሽ» አለች ርብቃ፣ ገና ፈገግታዋ ሳይጠፋ።

ሩሐማ እጇን አየች።

«እማማን ረሳሻት፣ ሩሐማዬ።»

«አልረሳኋትም» አለች ሩሐማ።

ርብቃ ያደገችው በዚያው እምነት ውስጥ ነው። ለማን እንደማይጸለይ ልጇን ያስተማረው ትምህርት እሷንም አስተምሯታል። ፈገግታዋ ወዲያው አልሄደም፤ ሰው እንደወጣበት ቤት ፊቷ ላይ ጥቂት ክፍቱን ቆየ። ሩሐማ ወደ አባቷ ቀና አለች። ርብቃ ግን ወደ ደረጃው አልዞረችም።

«እሱን አትዪው። እኔን እዪኝ። መቼ ነው?»

«ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን።»

«እስካሁን አንቺ ነሽ የተሸከምሽው?»

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ልቅሶዋ መጣ፤ ከግንቦት ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ። ኃይሉ ርብቃ ደረቷን ትደቃለች፣ መሬት ላይ ራሷን ትጥላለች ብሎ ሊይዛት ሁለት እጁን ዘርግቶ ወረደ። እሷ ግን ሁለቱንም ልጆች ይዛ ተመልሳ ተጋደመች። «መጋረጃውን ተዉት» አለች። ኃይሉ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ሥራው እስኪያልፈው ቆመ። ማንም ግባ አላለውም፤ ማንም ሂድ አላለውም።

በማግስቱ ርብቃ ጥቁር ለብሳ፣ ቁልፏን አንሥታ ብቻዋን ወጣች። ኃይሉ የት ነው ሲላት፣ «ይህን ያህል የጠበቃችሁለትን ፈተና አላስቀርባችሁም» አለችው። ሌላ ቃል አልነገረችውም።

ፕሮግራም ፕሮግራም ነውና፣ በቀጠሮው ማለዳ ጋሽ አለማየሁ ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን አስከትለው መጡ። ከማንኳኳታቸው በፊት ርብቃ ጥቁሯን እንደለበሰች በሩን ከፈተች።

«ግቡ፣ ጋሽ አለማየሁ» አለች። «ዘግይተዋል።»

ሽማግሌው ከሊልበርን እስከ ስቶን ማውንቴን ያልከዳቸው ቃል ያን ጊዜ ከዳቸው። ልጄ፣ ሰው ሆኖ... ብለው ጀመሩና ኃይሉን ተቆጥተው አዩት፤ መርዶን ያህል ነገር ያለ ሽማግሌ ማውጣት ምን ማለት ነው እንደማለት። ሴቶቹ ይዘውት የመጡትን ልቅሶ በረንዳው ላይ አፈሰሱት።

ቤቱ ሞላ። ኃይሉ ውሃ ሲያድል፣ ወንበር ሲያመላልስ ቀትር ደረሰ። ሚካኤላ ከሰው እግር መሀል ብቅ ብላ መጋረጃዎቹን ዘጋቻቸው፤ ወደ እትዬ ብዙነሽ ጠጋ ብላ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ነገረቻቸው። አወለቁ። ሌሎቹም አወለቁ። ልቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ግማሹ ቁጭ፣ ግማሹ ጋደም አለ፤ ጋሽ አለማየሁም በካልሲ እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ቦታ ጠብቦ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። በርብቃ አጠገብ፣ በሁለቱ ልጆች መሀል፣ ያቺ ክፍት ቦታ ግን ባዶዋን ቀረች። ተዉ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ቤቱ ዝም አለ። ፍሪጁም ዝም አለ።

ከዚያ ሩሐማ ቁጭ አለችና ጸሎቷን ጀመረች። ኃይሉ የውሃ ጠርሙሶቹን እንዳቀፈ ኩሽናው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። የስም ጥሪው ከማን እንደሚጀምር ያውቃል፤ ሁልጊዜም ከእሱ ነው።

«እናትን ጠብቅ» አለች ሩሐማ።

ተሳስታ ይሆናል አለ። አክስት ፅጌረዳ አለፈች። ሚካኤላ አለፈች። አጎቶቹ፣ የአክስት ልጆቹ፣ አንካሳው ውሻ። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ኃይሉ ትንሽ ትንሽ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ሳይጠሩት መቅረት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ቤት የተማረው ከትናንት ወዲያ አይደለምን? ርብቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ስሞቹ አለቁ። ሩሐማ ለአሜን አፏን ከፍታ፣ ሳትለው ቆየች፤ ክፍቱን ቦታ አየች፤ እጇን ትራሱ ላይ አሳረፈች።

«ዳዲን ጠብቅ» አለች በመጨረሻ፣ እማማ በሚጠሩበት ቦታ ላይ።

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ኃይሉ ጠርሙሶቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። መጋረጃውን ለመክፈት የተነሣ ሰው አልነበረም።